ቀትር ላይ የጠወለገች ሃይድራንጂያ ሁሉ ውሃ አልጠማትም

ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት አካባቢ ሃይድራንጂያ የምትባለው የአበባ ተክል ቅጠሏን ጥላ፣ የአበባዋን ራስ ደፍታ ስትታይ ያየ ሁሉ ጆግ ይዞ ይሮጣል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቅጠሎቿ ሰፋፊ ናቸው፣ ሥሮቿ ደግሞ ቀጫጭንና ከአፈሩ ላይኛው ክፍል ብዙም የማይወርዱ። ፀሐይ ሲበረታ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ሥሩ መጥጦ ከሚያደርሰው ይበልጣል፤ ስለዚህ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ትጠወልጋለች። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳችሁ እዩአት። ቀና ካለች ምንም አልጎደላትም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይም እንደጠወለገች ካገኛችኋት ግን ችግር አለ።

ችግሩን የሚነግራችሁ አፈሩ ነው። ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብላችሁ ጣታችሁን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ቀዝቀዝ ያለና ጣት ላይ ጥቂት የሚጣበቅ ከሆነ ለዛሬ ተዉት። ጭቃ ሆኖ ሳለ ተክሏ ከጠወለገች ደግሞ ሥሯ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መምጠጥ ስለማይችል ቅጠሉ ላይ የሚታየው ምልክት ከጥማት ጋር አንድ ነው። ውሃ የጨመረባት ሰው የሚገድላት በዚህ ምክንያት ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆናቸውና የአፈሩ መጥፎ ሽታ ይለዩታል።

መጠኑን በጀሪካን እንለካው። ቁመቷ 1 ሜትር የደረሰ፣ መሬት ላይ የተተከለች ሃይድራንጂያ በአንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ ማለትም የ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ትፈልጋለች። ይህ ከግንዱ ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ሲፈስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደማግኘት ነው። በየቀኑ አንድ አንድ ጆግ መስጠት ግን ላዩን ብቻ ያርሳል፤ ሥሩም ውሃውን ፍለጋ ወደ ላይ ይቀርና በመጀመሪያው ደረቅ ሳምንት ይቃጠላል። አዲስ ለተተከለች፣ ሥር እስክትይዝ ድረስ፣ በየሁለት ቀኑ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይበቃል።

በስንት ቀኑ? እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች፣ ሙቀቷም ይብሳል። በበጋ ወራት ለደሴ ግቢ በሳምንት አንዴ፣ ነፋስ ሲበዛ ሁለቴ፤ ለኮምቦልቻ ሁለቴ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት በግንቦትና በሰኔ ሞቃት ቀናት ሦስቴ ብላችሁ ጀምሩና በጣታችሁ አስተካክሉ። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምዕራብ በዞረ ቆርቆሮ አጥር ሥር ከተተከለች ግን ምንም ያህል ብታጠጡ አታርፍም፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍባት ቦታ ፈልጉላት።

የምታጠጡበት ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ይሁን። ውሃውን ግንዱ ላይ ወይም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ ባለው አፈር ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ መፍሰስ ሲጀምር ቆም በሉ፣ ሲሰርግ ቀጥሉ። ማታ ቅጠሉን ማርጠብ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ እንዲያድር ስለሚያደርግ ጠርዛቸው ወይን ጠጅ የሆነ የቅጠል ነጠብጣቦችን የሚያመጣውን ፈንገስ ይጠራል። የውሃ ማጠጫው ጎማ ፀሐይ ላይ ከዋለ መጀመሪያ የሚወጣውን ትኩስ ውሃ ሌላ ቦታ ድፉት። ከኅዳር እስከ ጥር ደሴ ላይ ውርጭ የጣለበት ጠዋት ከሆነም ፀሐይ ውርጩን እስክታቀልጠው ጠብቁ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላላችሁ፣ የ2 ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ ብሱ፣ ቂጡን ቆርጣችሁ በአፉ ወደ አፈሩ ትከሉትና ሙሉት። ለመጨረስ አንድ ሰዓት ገደማ መፍጀት አለበት፤ በደቂቃዎች ከጎደለ ቀዳዳው ሰፍቷል። ለአንድ ትልቅ ተክል ሁለት ይተከሉና እየተሞሉ ይቆያሉ። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል፤ ኦሞና በረኪና ያለበት አይሆንም።

የውሃው ዓይነት ቀለሟንም ይነካል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ስለሚሟሟ ሥሩ ይወስደዋል፣ አበባውም ሰማያዊ ይሆናል፤ አሲዱ ሲቀንስ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ነጭ ዝርያዎች በዚህ አይለወጡም። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ኖራማ ነውና ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ ይገፋታል፤ ብሎም ብረት ስለሚያሳጣት ቅጠሉ ቢጫ፣ በቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ከአሸንዳ በበርሜል የተጠራቀመ የክረምት ውሃ ከሁሉ ይሻላታል። የምድጃ አመድ ደግሞ ሥሯ ላይ አትድፉ፤ የሚሠራው ከኖራ ጋር አንድ ነው።

ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጤፍ ጭድ ወይም የደረቀ ሣር ሥሯ ላይ ብታለብሱ የምታጠጡበትን ቀን በግልጽ ያራዝመዋል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ራቅ ይበል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይሆንም፣ ዛፉ ራሱ አጠገቧ ካለም ውሃዋን ይሻማታል።

ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ማጠጣቱን አቁሙ። ያኔ ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው። በተለይ ዋልካ አፈር ላይ ከሆነች፣ ከተክሏ ዝቅ ያለ ጠባብ ቦይ ቆፍራችሁ ኩሬ የሚሠራውን ውሃ ወደ ውጭ ምሩት፤ ጭዱንም ለጊዜው ሳሳ አድርጉት። በማሰሮ ወይም በባልዲ የተተከለችው ግን ከኮርኒስ ሥር ከቆመች ዝናቡ አይደርሳትም፣ በክረምትም ትጠማለች። እርሷን ውሃው ከታች ቀዳዳው እስኪወጣ አጠጡና ከሥሯ ያለው ሳህን ላይ የቀረውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድፉት።