ሬድስቶን የማይፈልግ የካሮት እርሻ፦ ማይንክራፍት ላይ እንዴት እንደሚሰራ

ማይንክራፍት ላይ አውቶማቲክ እርሻ ሲባል ብዙው ተጫዋች ወዲያው ብሎክ የሚገፋ ፒስተንና ውሃ የሚለቅ ዲስፔንሰር ያስባል። ውሃ ሰብሉን እየጠረገ ወደ ሳጥን ሲያወርድ ማየት ደስ ይላል፤ ግን ሥራው ግማሽ ነው። ውሃው ከሄደ በኋላ ማሳውን እንደገና የሚተክለው ያው ተጫዋቹ ነው። ሰብስቦ፣ መልሶ ተክሎ፣ የተረፈውን የሚያስረክብ በጨዋታው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ገበሬ ቪሌጀር (የመንደር ነዋሪ)። እዚህ የምንሠራው እርሻ እሱን የሚጠቀም ነው። አንዲት ሬድስቶን (የጨዋታው ኤሌክትሪክ የሚባለው ቀይ ማዕድን) አይፈልግም፤ አይረንም 8 ብቻ ይበቃል፤ 5 ለሆፐር (ላዩ ላይ ያረፈ ዕቃ ስቦ ወደ ሳጥን ለሚያወርደው ብሎክ)፣ 3 ለባልዲ። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአሮጌ ላፕቶፕ ለሚጫወት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፒስተን የበዛበት ዓለም አቅም የሌለውን ማሽን ያንቀራፍፋል።

የተጻፈው ለኮምፒውተሩ ጃቫ እትም ነው። የስልኩ ቤድሮክ ላይ የቪሌጀሮች ጠባይ በአንዳንድ ነገር ስለሚለይ የስልክ ተጫዋቾች የሸንኮራ አገዳ እርሻ ቢጀምሩ ይሻላል፤ ስለሱ ወደ መጨረሻው አለ።

ምን እንትከል? ከተማው ዳር ያለው ማሳ ጤፍ ቢሆንም ጨዋታው ጤፍ አያውቅም። ገበሬው የሚያለማቸው የምግብ ሰብሎች ስንዴ፣ ካሮት፣ ድንችና ቀይ ስር ናቸው። ካሮት ምረጡ። ስንዴና ቀይ ስር ከምርቱ ጋር ዘር ይጥላሉ፤ ዘሩ የገበሬውን ኪስ ይሞላል። ድንች አልፎ አልፎ መርዛማ ድንች ይጥላል፤ ቪሌጀር እሱን አያነሳም። ካሮት ግን ዘሩም ምርቱም አንድ ነው፤ የደረሰ አንድ ተክል ከ2 እስከ 5 ካሮት ይሰጣል።

የሚያስፈልጉ፦ ሁለት ቪሌጀሮች፣ አንድ ኮምፖስተር (የገበሬው የሥራ ብሎክ፤ ከ7 የእንጨት ስላብ፣ ማለትም ግማሽ ብሎክ፣ ይሠራል)፣ አንድ ተጨማሪ ስላብ፣ አንድ ሆፐር፣ ሁለት ሳጥን (አንዱ ሆፐሩን ለመሥራት ይገባል)፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ 39 አጥር፣ ስምንት ችቦ፣ አንድ የዱባ ፋኖስ፣ ስምንት ያህል ማንኛውም ጠጣር ብሎክ፣ ጀልባ፣ መኮትኮቻ፣ 80 ካሮት።

1. ማሳው። 9 በ9 አፈር አስተካክሉ። ውሃ በየአቅጣጫው እስከ 4 ብሎክ ድረስ አፈሩን ያረጥባል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ያለች አንዲት ውሃ 80ውንም ቦታ ታዳርሳለች። መሃሉን አንድ ብሎክ ቆፍሩና ጉድጓዱ ውስጥ ስላብ አስቀምጡ፤ ስላቡ ላይ ውሃውን አፍስሱ፤ ከላዩ ኮምፖስተሩን፣ ከኮምፖስተሩ በላይ ደግሞ የዱባ ፋኖሱን ጫኑ። ውሃው ክፍት ከሆነ ገበሬው ይገባበታል። ኮምፖስተሩ ራቁቱን ከቀረ ደግሞ ላዩ ላይ ይወጣና ሲወርድ የታረሰውን ይረጋግጣል።

2. አጥርና ብርሃን። ማሳውን ዙሪያውን አጥሩ፤ በአንዱ ጎን መሃል ላይ አንድ ቦታ ክፍት ተዉ። ካሮት እንዲያድግ ከላዩ ያለው ብርሃን ቢያንስ 9 መሆን አለበት። የመሃሉ ፋኖስ ለብቻው ጥጎቹን አያዳርስም፤ በአራቱ ጥግና በአራቱ ጎን መሃል ችቦ አድርጉ። ክፍት በተተወው ጎን ያለው ችቦ በኋላ መስኮቱ ላይ ይቆማል። ይህ ብርሃን ዞምቢም ማሳው ውስጥ እንዳይፈለፈል ያደርጋል።

3. መስኮቱ። እርሻው የሚበላሸው ሁልጊዜ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ በሉ።

ገበሬ ቪሌጀር ኪሱ ውስጥ ምግብ ሲተርፈው አጠገቡ ላለ ሌላ ቪሌጀር ይወረውራል። እኛ የምናደርገው የተወረወረው ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ መቅለብ ነው። ክፍት በተተወው ቦታ ሳጥኑን መሬት ውስጥ ቅበሩ፤ የሳጥኑ አናት ከታረሰው አፈር ጋር እኩል ይሁን። ሺፍት ተጭናችሁ ሆፐሩን ሳጥኑ ላይ አስቀምጡ (ሺፍት ካልተጫናችሁ ሳጥኑ ይከፈታል እንጂ ሆፐሩ አይቀመጥም)። ሆፐሩ አሁን ከካሮቱ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ነው። ከሆፐሩ በላይ አንድ ብሎክ አየር ተዉ፤ ከአየሩ በላይ ጠጣር ብሎክ አድርጉ። መስኮት ማለት ያቺ አንድ ብሎክ ክፍተት ናት።

ከሆፐሩ ጀርባ ለተቀባዩ (ለሁለተኛው ቪሌጀር) ክፍል ሥሩ፤ አንድ በአንድ ስፋት፣ ሁለት ብሎክ ቁመት፣ በሦስት ጎን ግድግዳ፣ ከላይ ጣሪያ። ጣሪያው የግድ ነው። ቪሌጀር ሁለት ብሎክ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ቁመት ስላለው፣ ጣሪያ ካለ ዘሎ ሆፐሩ ላይ መውጣት አይችልም። ጣሪያውንና ከመስኮቱ በላይ ያለውን ብሎክ የረሳ ሰው ጠዋት ሲገባ ሁለቱንም ቪሌጀሮች ማሳው ውስጥ ያገኛቸዋል።

በገበሬውና በተቀባዩ መካከል ሆፐሩ ብቻ ይኑር። "ሁለት ሆፐር ባደርግ ብዙ ይቀልባል" የሚለው ሐሳብ እርሻውን ይገድለዋል፤ ገበሬው የሚወረውረው ሁለት ብሎክ ያህል ሲጠጋ ነው፤ ርቀቱ ሦስት ከሆነ ይቆምና ያየዋል እንጂ አይወረውርም። ክፍተቱን በመስታወት መዝጋትም ያው ነው፤ መተያየት ይችላሉ፣ ካሮቱ ግን መስታወቱን መትቶ ይመለሳል።

ተቀባዩ ለምን ቀድሞ አያነሳውም? የተወረወረ ዕቃ ለግማሽ ሰከንድ ያህል በፍጡራን አይነሳም፤ ሆፐር ግን ያንን አይጠብቅም፤ እንዳረፈ ይስበዋል። አልፎ አልፎ ጥቂት ካሮት ቢያመልጠው ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው ሳጥኑ ሲሞላ ነው። አንድ ሳጥን 1,728 ካሮት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሆፐሩ ይዘጋና ምርቱ ወደ ተቀባዩ 8 ኪሶች መግባት ይጀምራል፤ እስከ 512 ካሮት ድረስ። ከሱ ኪስ ማስመለስ አይቻልም።

4. ቪሌጀሮቹ። በጀልባ አምጧቸው፤ ጀልባ በየብስም ይሄዳል፣ ቀርፋፋ ነው እንጂ። ለተቀባይነት አረንጓዴ ካባ የለበሰውን ኒትዊት ፈልጉ። ሥራ የማይዝ ስለሆነ ብዙዎች ያባርሩታል፤ እዚህ ግን ከሱ የሚሻል የለም፤ ኮምፖስተሩን ከገበሬው አይሻማም። መጀመሪያ እሱን ከኋላ አስገቡና የመጨረሻውን ግድግዳ ዝጉ።

ለገበሬነት መንደር ውስጥ ስንዴ ሲያጭድ የኖረውን አታምጡ። ኪሱ በዘርና በዳቦ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ባዶ የታረሰ ቦታ ባገኘ ቁጥር የስንዴ ዘሩን ይተክልና ማሳው ይደባለቃል። ከዚያ ስንዴው ሌላ ዘር ይሰጠዋል፤ 8 ኪስ ደግሞ ብዙ አይደለም። ሥራ ያልያዘ ወይም እዚያው ተወልዶ ያደገ ቪሌጀር ኪሱ ንጹሕ ነው። ማሳው ውስጥ ስታስገቡት ኮምፖስተሩን ይይዝና የገለባ ባርኔጣ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ነግዱት፤ ሙያው ከዚያ በኋላ አይለወጥም። እናንተም አጥሩ አጠገብ ዘር አትጣሉ።

በአካባቢው ባዶ አልጋ አታስቀምጡ፤ ምግብ ያላቸው ሁለት ቪሌጀሮች አልጋ ካገኙ ልጅ ይወልዳሉ።

5. አርሳችሁ 80ውንም ቦታ በእጃችሁ ትከሉ። የታረሰው ላይ አትዝለሉ።

አሁን መጠበቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ብልሽት አይደለም። ገበሬው ወደ 24 ካሮት ለራሱ ያስቀራል፤ የሚወረውረው ከዚያ የተረፈውን ነው። ደግሞ በሥራ ሰዓት ያጭዳል ይተክላል እንጂ አይወረውርም፤ የሚያስረክበው ከሥራ ሲፈታ፣ በጨዋታው አመሻሽ ላይ ነው። ሥራችሁን ለመፈተን 64 ካሮት ወርውሩለትና ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሆፐሩን ተመልከቱ። ወደ መስኮቱ መጥቶ ካልወረወረ ርቀቱን እንደገና ቁጠሩ።

ሰብሉ የሚያድገው እናንተ ቅርብ ስትሆኑ ነው፤ በጣም ከራቃችሁ ዕድገቱ ይቆማል። ስለዚህ እርሻውን ከቤታችሁ ወይም ከማዕድን ጉድጓዳችሁ አጠገብ ሥሩት፤ "ቦታው ያምራል" ተብሎ ተራራ ማዶ የተሠራ እርሻ ምንም አያስገባም። ጨዋታውን ከፍተው ሌሊቱን የሚያሳድሩ አሉ። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ካልሆነ አይመከርም፤ መብራት እንደ ልቡ በሚሄድበት ሰፈር ዴስክቶፕ ላይ ያለ ዓለም ከመጨረሻው ሴቭ በኋላ የተሠራውን ያጣል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ኤስኬፕን መጫን ዓለሙን ሴቭ ያደርጋል፤ በተለይ ቪሌጀሮቹን ካስገባችሁ በኋላ ይህን አትርሱ።

የስልክ ተጫዋቾች፦ ሸንኮራ አገዳውን ውሃ አጠገብ ትከሉ። ከጀርባው በሁለተኛው ከፍታ ፊቱን ወደ አገዳው ያዞረ ፒስተን፣ ከፒስተኑ በላይ ፊቱን ወደ አገዳው ያዞረ ኦብዘርቨር (ፊቱ ላይ ለውጥ ሲያይ ምልክት የሚልክ ብሎክ) አድርጉ። ከፒስተኑ ኋላ ጠጣር ብሎክ፣ እሱ ላይ የሬድስቶን ዱቄት። አገዳው ሦስተኛ ከፍታ ላይ ሲደርስ ኦብዘርቨሩ ያያል፣ ፒስተኑ ይቆርጣል፣ ሥሩ ይቀራል። ማንም መትከል አያስፈልገውም። ለኦብዘርቨሩ ኳርትዝ ስለሚያስፈልግ ግን አንድ ጊዜ ኔዘር (የጨዋታው የእሳት ዓለም) መውረድ አይቀርም።

የካሮቱን እርሻ ለማስፋት ማሳውን አትለጥጡ፤ ሌላ ገበሬና ሌላ መስኮት ያለው ሁለተኛ ማሳ ሥሩ። ጎን ለጎን ካደረጋችኋቸው በመካከላቸው አጥር ሳይሆን ሁለት ብሎክ ከፍታ ያለው ጠጣር ግድግዳ ይቁም፤ ሁለቱ ገበሬዎች ከተያዩ ካሮቱን እርስ በርስ ሲወራወሩ ይውላሉ፣ ሳጥኑም ባዶ ይቀራል።