«3000 ለ10 ደቂቃ» እና ሌሎች የሴንትሪፊውጅ ስህተቶች

ጅማ መጀመሪያ የሠራሁበት ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፋ ነበር። «3000 ለ10 ደቂቃ» ትላለች። ማን እንደጻፋት የሚያውቅ የለም። ሴንትሪፊውጁ፣ ማለትም የደም ቲዩቦችን አሽከርክሮ ሴሉን ከፈሳሹ የሚለየው ማሽን፣ ሲቀየር እንኳ እሷ አልተነሳችም። ትልቁ ስህተት ከእሷ ይጀምራል።

3000 በደቂቃ የዙር ብዛት ነው። ሴሎቹን ወደ ታች የሚያወርዳቸው ግን ጉልበቱ ነው፤ በ«ጂ»፣ ማለትም በምድር ስበት እጥፍ፣ የሚለካው። እሱ ደግሞ እንደ ሮተሩ (ቲዩቦቹን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል) ስፋት ይለያያል። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉና ከሮተሩ መሃል እስከ ቲዩቡ ታችኛው ጫፍ በማስመሪያ ለኩ። ቲዩቡን የያዘው ባልዲ የሚወዛወዝ ዓይነት ከሆነ ቲዩቡን አግድም ዘርግታችሁ ለኩት። ዙሩን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በሴንቲ ሜትሩ፣ ከዚያ በ0.00001118። በ8 ሴንቲ ሜትር ሮተር 3000 ዙር 805 ጂ ገደማ ይሰጣል። በ16 ሴንቲ ሜትር 1610። እጥፍ ነው! ወረቀቷ ግን ያው ናት። 1500 ጂ ለማግኘት ትልቁ ሮተር 2900 ዙር ገደማ ይበቃዋል፤ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን 3860 ይጠይቃል።

ለሁሉም ምርመራ አንድ ቁጥር መጠቀምም አያዋጣም። ለደም መርጋት ምርመራ ፕላዝማው (ሴሉ ሲወርድ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ጥቃቅን ሴሎች) ከ10,000 በታች በማይክሮ ሊትር መሆን አለበት። ለዚህ 1500 ጂ ለ15 ደቂቃ የተለመደ ነው። ፕሌትሌቱ ራሱ ከተፈለገ ደግሞ 200 ጂ አካባቢ ለ10 ደቂቃ፣ ቀስ ተብሎ። ከወረቀቷ በፊት የሪኤጀንቱን (የመመርመሪያ ኬሚካሉን) መመሪያ አንብቡ።

አንድ ጓደኛዬ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ኢዲቲኤ ያለበት ቲዩብ ደርድሮ «ኧረ ይርጋ፣ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን» ይል ነበር። የጅማ ሰው ለቡና ሰበብ አያጣም። ግን 30 ደቂቃ እስኪረጋ የሚጠበቀው ለሴረም፣ ከረጋ ደም ለሚወጣው ፈሳሽ፣ ነው። ፕላዝማ ከሆነ መርጋት ጭራሽ አይፈለግም። ቲዩቡን ደሙ እንደተቀዳ ቀስ እያላችሁ ገልብጡት፣ አትናጡት። ከተናጠ ቀይ ሴሉ ይፈነዳና ፕላዝማው ሮዝ ይሆናል።

ፍሬን የሚረሳ ብዙ ነው። ማሽኑ በኃይል ሲቆም ከቀዩ በላይ ያረፈችው ስስ ነጭ ሽፋን ትናወጣለች፤ ጭስ መስላ ፕላዝማው ውስጥ ስትወጣ በዓይን ይታያል። ፍሬኑን ዝቅ አድርጉት ወይም አጥፉት። በፒፔት ስትቀዱም ከሽፋኗ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ስስት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ሚዛን አለመጠበቅን ማሽኑ ራሱ ይናገራል፤ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ባጃጅ ይንቀጠቀጣል። አንዴ ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ሲሄድ ደርሼበት አውቃለሁ። ትይዩ የሚቀመጡት ቲዩቦች በክብደት እኩል ይሁኑ። ቁጥሩ ጎደሎ ከሆነ ውኃ የሞላ ቲዩብ ጨምሩ።

መብራትስ? ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ጠፍቶ ሲመለስ «አራት ቀርቶታል» ብሎ መቀጠል አይሠራም። ጄል (ሴሉንና ፈሳሹን የሚለየው) የሌለው ቲዩብ ከሆነ ከዜሮ እጀምራለሁ። ጄሉ ቦታውን ከያዘ ግን ደግሜ አላሽከረክርም፤ ከሥሩ የቀረው ፈሳሽ ፖታሲየም ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውጤቱም በውሸት ከፍ ይላል።

በመጨረሻ የዚያችን ወረቀት ተተኪ ጻፍኩ፤ የሮተሩ ርቀት፣ ጂ፣ ደቂቃ፣ ፍሬን። አሮጌዋን ጣልኳት። በማግስቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ወጥታ ከአዲሷ ጎን ተለጥፋ አገኘኋት።