ከፍ የተደረገ ፒካፕ ሲንቀጠቀጥ፣ መሪው ሲዋልልና ፍሬኑ ሲለግም

የጎማ ንፋስ፣ የላላ ዳዶ፣ የጎማ ባላንስ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ይህ ጽሑፍ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ከፍ ካስደረጋችሁ በኋላ ለሚመጣው ጣጣ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ ሐረጎን ወርደው የሚመጡም ከባቲ የሚወጡም አሉ። ንግግራቸው ግን አንድ ነው፦ «ከፍ ካስደረግኩት ወዲህ ልክ አይደለም።»

«ከፍ ብሏል፤ ግን ጉድጓድ ላይ ጎማው ይንጠለጠላል»

ከስር ገብቼ ሳይ የአይሱዙ ባሌስትራ (ተደራርቦ የሚሠራ የብረት ሞላ) ተጨምሮበታል። ባሌስትራ ሲበዛ መኪናው ይነሳል፤ ጎማው ግን መውረድም መውጣትም ይተዋል። ቁመት ሌላ፣ የጎማ እንቅስቃሴ ሌላ። የአይሱዙውን አውጡትና ለምትጭኑት ክብደት የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ግጠሙ። ከዚያ አሞርዛተር፣ የሞላውን መዝለል የሚያበርደው። ሻንሲውን በክሪክ አንስታችሁ ጎማው ሲንጠለጠል ከላይኛው እስከ ታችኛው ማሰሪያ ለኩ። አክሰሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚይዘው) ሻንሲው ላይ ያለውን መምቻ ላስቲክ ሲነካም ለኩ። አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ከዚህ ከሁለተኛው ልክ ማጠር አለበት። ካልሆነ ምቱን ሁሉ እሱ ይቀበልና ወይ ይፈነዳል ወይ ማሰሪያውን ይነቅላል።

«ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቼራውን ሦስቴ ቀየርኩ»

ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ክሮቼራ ማለት ሻፍቱ፣ ማለትም ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ ኃይል የሚወስደው ዘንግ፣ የሚታጠፍበት መስቀል ነው።

አንድ ሐጂ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርዱበትን ደብል ካብ ሃይሉክስ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ መኪና ክሮቼራ ይበላል» አሉኝ። ከስር ስገባ ባሌስትራውና አክሰሉ መሀል ብረት አየሁ። አንድ አይደለም፣ ሁለት፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ፣ ዳርና ዳሩ በብየዳ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ። «ሐጂ፣ የሚበላውስ ይሄ ነው» አልኳቸው። ወላሂ አላመኑኝም። ሦስት ክሮቼራ የሸጠላቸው ሰው ስለ ብረቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር ፍጥነቱ እኩል አይሆንም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ሻፍቱ አንድ ወጥ ከሆነ የኋለኛው ክሮቼራ ያንን መልሶ ያስተካክለዋል፤ የሚያስተካክለው ግን ሁለቱ እኩል ከታጠፉ ብቻ ነው። መኪናውን ስታነሱ የካምቢዮው መውጫና የዲፍረንሻሉ አፍ (ሻፍቱ ኋላ አክሰሉ ላይ የሚገባበት) እኩል ማየታቸውን ይተዋሉ። ከዚያ በኋላ ወርቅ የሆነ ክሮቼራ ብትገጥሙም ያልቃል።

መጀመሪያ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ለዩ። ስትነሱ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ የሚያንዘፈዝፍ ከሆነ ችግሩ የሻፍቱ አንግል ነው። ሃይሉክስ ደብል ካብ ላይ ደግሞ ሻፍቱ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ሻፍቱን መሃል ላይ ይዞ የሚያዞረውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ኋላው ሲነሳ ኩሽኔታው ባለበት ይቀራል፤ ሻፍቱ እዚያ ላይ ይታጠፋል። ከኩሽኔታው ማሰሪያ ስር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ማውረጃ አስገቡ፤ ብሎኑም በዚያው ልክ ይርዘም። ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ድነው ወጥተዋል።

ስትነሱ ሰላም ሆኖ ፍጥነት ሲጨምር የሚመጣ ከሆነ ግን የሻፍቱን ሹካዎች (ክሮቼራውን የሚይዙትን ጫፎች) እዩ። ባሌስትራ ሲቀየር ሻፍቱን ፈተው ይጎትቱታል፣ ተነጣጥሎ ይወጣል፣ እንደመጣለት ይመልሱታል። የአንዱ ቁራጭ ሁለት ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ሻፍቱ ከሚገጣጠምበት ጥርስ አንዱን ብትስቱ ይንቀጠቀጣል። ሐጂ ጋ ይሄም ነበር! ብረቱን አውጥቼ፣ ኩሽኔታውን አውርጄ፣ አሁንም ይንዘፈዘፋል። ግማሽ ቀን ራሴን ስጠራጠር ዋልኩ። ከዚያ ሹካውን አየሁት፤ ጠማማ። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም መስመር አስምሩበት። በጠመኔ አይደለም፤ ጠመኔ በዘይት እጅ ይጠፋል።

አንግሉን ለመለካት ውሃ ልክ ያለው ስልክ ይበቃል። መኪናው ሜዳ ላይ፣ በጎማው ቆሞ እንጂ በክሪክ ተሰቅሎ አይደለም። ካምቢዮው መውጫ ላይ፣ ከዚያ ዲፍረንሻሉ አፍ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ካለፈ ባሌስትራውና አክሰሉ መቀመጫ መሀል ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ የብረት ይሁን፤ የአልሙኒየሙ ይደቅና ይወጣል። ወፍራሙ ጎን ወዴት ይዙር? ባሌስትራው ከአክሰሉ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ይወስነዋል። በግምት አታስገቡ፣ አስገብታችሁ እንደገና ለኩ። ነዳጅ ስትሰጡ ባሌስትራው ተጠማዞ የዲፍረንሻሉን አፍ ወደ ላይ ስለሚያነሳው፣ ቆሞ ሲለካ አፉ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀር አይጎዳም። የባሌስትራው የመሃል ብሎን ጭንቅላት መቀመጫው ውስጥ መግባቱንም እዩ። ካልገባ አክሰሉ አንድ ቀን ይንሸራተታል።

በመጨረሻ ክሮቼራው። ካርቶኑ የታወቀ ስም ይዞ ውስጡ ሌላ የሆነ ሞልቷል። ክዳኑን ክፈቱና መርፌዎቹን ቁጠሩ፤ ከአራቱ አንዱ ጋ አንዲት ጎድላ አግኝቼ አውቃለሁ። ማርሽ ወደፊትና ወደኋላ ስትቀያይሩ «ቋ» የሚል ካለ ደግሞ አንግሉን ብታስተካክሉም ያው ነው፤ አልቋል፣ ቀይሩት።

«መሪው ይዋልላል፤ ከተጠማዘዘ በኋላ አይመለስም»

ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ላንድክሩዘር ፒካፖች ፊታቸው ባሌስትራ ሳይሆን ጥምዝ ሞላ ነው። የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል ያለው ቀጥ ብላችሁ እንድትሄዱ ነው። እዚህም ያው። ረጅም ሞላ ሲገባ አክሰሉ ይዞርና ያ ዘንበል ያነሰ ይሆናል። የጎማ አሰላለፍ ቤት ወስዳችሁ ቴስቲናውን (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) ቢያዞሩት አይድንም። ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ጎሚኒ (የላስቲክ ቡሽ) የፊት አክሰሉን በሚይዙት ክንዶች ውስጥ ይገባል። አክሰሉም ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ አክሰሉን ከጎን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ የሚስተካከል ቢሆን ይመረጣል።

ፍሬን

እዚህ ላይ አልቀልድም። ሁለቱም ጎማ ተንጠልጥሎ፣ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ፣ የፍሬኑን ቱቦ በእጃችሁ ንኩት። የተወጠረ ከሆነ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ። ሽቦ አስራችሁ አትሳቡት። የድሮውን በሌላ አትቀጥሉት። ረጅም ቱቦ ግዙ።

ኋላ ደግሞ አክሰሉንና ሻንሲው ላይ ያለውን ቫልቭ የሚያገናኝ ቀጭን ዘንግ አለ። ኋላው ሲነሳ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ጭነታችሁ ግን አለ። ዘንጉ ወይ ማሰሪያው በተነሳው ልክ ይስተካከል። ፈትሻችሁ ስታበቁ የመጀመሪያ ሙከራችሁ ሜዳ ላይ ይሁን። ሐረጎ ቁልቁል ላይ አይደለም፣ እባካችሁ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ሃይሉክስ ፊት ላይ የአክሰሉ ላስቲክ ቶሎ ቶሎ ከተቀደደ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ወጥታችኋል፤ አውርዱት። የዲፍረንሻል ዘይት ወተት ከመሰለ የመተንፈሻው ቱቦ ስታነሱት ተመዝዞ ወንዝ ስትሻገሩ ውሃ ገብቷል። የፊት መብራት ደግሞ ወደ ሰማይ ያያል። ማታ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር ይሰድባችኋል፤ አንዲት ካቻቢቴ ይበቃዋል፣ አውርዱት።