የ7 ቀኑ የጃፓን ጉዞ ዕቅድ እንዴት ተስተካከለ

ችግሩ፦ በ7 ቀን ስድስት ቦታ (ቶኪዮ፣ ሃኮኔ፣ ኪዮቶ፣ ናራ፣ ሂሮሺማ፣ ኦሳካ) ተጨናንቋል፤ የመመለሻው በረራም ከቶኪዮ ነው። የመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ለመመለስ ብቻ ያልቃል።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የአውሮፕላን ቲኬቱ ነው። መግቢያው ቶኪዮ፣ መውጫው በኦሳካ የካንሳይ አየር ማረፊያ ሲሆን ያ ቀን ተረፈ። ቲኬት ሲፈለግ «ባለብዙ ከተማ» የሚለውን መምረጥ ነው።

ከዚያ ማደሪያው ወደ ሁለት ዝቅ አለ፦ ቶኪዮ 3 ሌሊት፣ ኪዮቶ 3 ሌሊት። ሆቴል መቀየር ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሻንጣ ማሰር፣ መልቀቅ፣ መጓዝ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል እስኪከፈት መጠበቅ። ናራ ከኪዮቶ በባቡር 45 ደቂቃ ገደማ፣ ሂሮሺማ ደግሞ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን ሁለት ሰዓት ስለማይሞላ ሁለቱም ደርሶ መልስ ሆኑ። ሃኮኔ ተሰረዘ። ያሳዝናል፤ ግን ለእሱ ጊዜ የለም።

የባቡር ፓሱን (ለተወሰኑ ቀናት ደጋግሞ የሚያሳፍረውን ቲኬት፣ ጄአር ፓስ) ሳያሰሉ መግዛት ሌላው ስህተት ነው። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የ7 ቀኑ ፓስ ዋጋ ወደ 50,000 የን ከፍ ብሏል። ቶኪዮ–ኪዮቶ 14,000፣ ኪዮቶ–ሂሮሺማ ደርሶ መልስ 23,000 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ነጠላ ቲኬት ይረክሳል።

የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ160 ሴንቲሜትር ካለፈ፣ ከቶኪዮ በሺንካንሰን ሲነሱ የሻንጣ ቦታ ያለውን ወንበር አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው።