ፕሌይስቴሽን ሲንቀራፈፍ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በጅማ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶችም ሆነ ዕቃውን ለልጆቻቸው ገዝተው ሳሎን ባስቀመጡ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ማሽኑ መንቀራፈፍ ሲጀምር ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ መኖሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ከ50 ጊጋባይት በላይ የሚመዝን ጨዋታ በሞባይል ዳታ እንደገና ማውረድ ስንት ብር እንደሚበላ ለሚያውቅ ሰው የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን አይገባም። ከዚያ በፊት ጨዋታ የማያጠፉና ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት እርምጃዎች አሉ፤ እነርሱም ካሽን (ማሽኑ ለጊዜው የሚያስቀምጠውን መረጃ) ማጽዳትና የማሽኑን ዳታቤዝ (የጨዋታዎቹን መዝገብ) እንደገና ማዋቀር ናቸው። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ከምልክቱ ነው። በየቤቱ አሁንም በብዛት የሚታየው ፕሌይስቴሽን 4 በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥቻለሁ።

ዋናው ገጽ ሲዘገይ

ምልክት፦ ጨዋታው አንዴ ከተከፈተ በደህና ይሄዳል፤ ወደ ዋናው ገጽ ሲመለሱ ግን ጆይስቲኩን ከነኩ በኋላ ገጹ እስኪንቀሳቀስ ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆናል። የጨዋታዎቹ ሥዕሎች ዘግይተው ይመጣሉ፣ ስቶሩ ሲሽከረከር ይቆያል እንጂ አይከፈትም፣ አንዳንዴም ማሽኑ ስታክ ያደርጋል።

መንስኤ፦ ካሽ ማለት ማሽኑ ደጋግሞ የሚፈልገውን መረጃ በቅርቡ እንዲያገኘው ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ይህ መረጃ ያለ ማቋረጥ ሲጠራቀም ወይም ከፊሉ ሲበላሽ፣ ሥራ ለማፋጠን የተቀመጠው ነገር ራሱ ሥራ ያጓትታል። ችግሩ በተለይ የሚጠናው ማሽኑ ፈጽሞ በማይጠፋበት ቤት ነው። ብርቱካናማው መብራት በርቶ ያደረ ማሽን በሬስት ሞድ ላይ ነው እንጂ አልጠፋም፤ ጠዋት ሲነሳ የትናንቱን ውጥንቅጥ ይዞ ይነሳል።

መፍትሔ፦ ፕሌይስቴሽን 4 «ካሽ አጽዳ» የሚል ምርጫ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለው ሥራው የሚከናወነው ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ በማቋረጥ ነው። የተከፈተውን ጨዋታ ዘግተው፣ በጆይስቲኩ መካከል ያለውን የፒኤስ ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሬስት ሞድን ሳይሆን ማሽኑን የሚያጠፋውን ምርጫ ይምረጡ። የፊት መብራቱ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ብልጭታው ሳያበቃ ገመዱን መንቀል በሽታውን በራስ እጅ እንደመፍጠር ስለሚቆጠር መብራቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ይታገሡ። ከዚያም ገመዱን ነቅለው አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆዩትና መልሰው ይሰኩት። በዚህ ሂደት የሚጠፋ ጨዋታም ሆነ ሴቭ (ጨዋታው የደረሰበት ደረጃ የተቀመጠበት ፋይል) የለም።

እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ማንሳት ይገባል። ብዙ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ማታ ሲዘጉ የዲቫይደሩን ማብሪያ በአንድ ጣት ተጭነው ማሽኑንም ቴሌቪዥኑንም በአንድ ጊዜ ያጠፋሉ። ለማሽኑ ይህ ካሽ ማጽዳት ሳይሆን መብራት እንደመጥፋት ያለ አደጋ ነው። ሲስተሙ ተቀይሮ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር የተጫነባቸው ማሽኖች ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለባቸው፤ በተሟላ ሁኔታ ሲጠፉ የተደረገላቸው ለውጥ ስለሚጠፋና እንደገና መጫን ስላለበት ባለቤቶቻቸው ሳያጠፏቸው ወራት ያቆዩአቸዋል፤ ከዚያም «ለምን ይንቀራፈፋል?» ብለው ይጠይቃሉ።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ

ምልክት፦ ማሽኑ ሲነሳ በአግባቡ እንዳልጠፋ የሚገልጽ ጽሑፍ ያወጣና ዲስኩን ሲመረምር ይቆያል። ምርመራው ሲያልቅ አንዳንድ ጨዋታዎች ከዝርዝሩ ጠፍተዋል፣ ወይም ተበላሽተዋል ተብለዋል፣ ወይም ዲስኩ ላይ ያልሞላ ቦታ እያለ ማሽኑ ቦታ የለም ይላል።

መንስኤ፦ ማሽኑ ምን ጨዋታ የት እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ዳታቤዝ አለው። ኤሌክትሪኩ የተቋረጠው በዚህ መዝገብ ላይ እየጻፈ ሳለ ከሆነ መዝገቡና ዲስኩ ይለያያሉ፤ ጨዋታው በቦታው አለ፣ ስሙ ግን ከመዝገቡ ወጥቷል። ሬስት ሞድ ላይ ያለ ማሽንም ከዚህ አደጋ አያመልጥም፤ ተኝቶ የሚመስለው ማሽን በዚያ ሰዓት አፕዴት እያወረደ ሊሆን ይችላል። በክረምት ዝናብና ነጎድጓድ በሚበረታበት በጅማ ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥም፣ የመብራቱ ሁኔታ በማያስተማምንበት ሰሞን ሬስት ሞድን ጨርሶ መተው የተሻለ ነው።

መፍትሔ፦ ማሽኑ የጀመረውን ምርመራ ይጨርስ፤ ዘገየ ብለው አያቋርጡት። ችግሩ ከቀጠለ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ወደ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ማሽኑ ለጥገና ብቻ ወደሚነሳበት ሁኔታ፣ ይግቡ። ጣትዎን ማሽኑ ላይ ባለው የማብሪያ ቁልፍ ላይ አሳርፈው ይያዙት፤ ወዲያው አንድ የ«ቢፕ» ድምፅ ይሰማል፣ ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል። ጣትዎን የሚያነሱት ሁለተኛውን ሲሰሙ ነው፤ በመጀመሪያው ድምፅ የለቀቀ ሰው ማሽኑን እንደወትሮው አስነሳው እንጂ ሴፍ ሞድ አልገባም።

በመቀጠል ማሽኑ ጆይስቲኩን በገመድ አገናኝተው የፒኤስ ቁልፉን እንዲጫኑ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ከየሱቁ በርካሽ የሚገዙ አንዳንድ ገመዶች ቻርጅ ከማድረግ በስተቀር ዳታ አያስተላልፉም፤ ስለዚህ ጆይስቲኩ ቻርጅ እያደረገ ማሽኑ «አገናኝ» ማለቱን አይተውም። ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ከመደምደም በፊት ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ የሚያሻግር ገመድ ፈልገው ይሞክሩ።

የሚመጣው ዝርዝር ሰባት ምርጫዎች አሉት። ዳታቤዙን እንደገና የሚያዋቅረው 5ኛው ነው። ይህ ምርጫ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አዲስ መዝገብ ያዘጋጃል እንጂ ጨዋታና ሴቭ አያጠፋም። ዲስኩ የተጨናነቀ ከሆነ ሥራው ከደቂቃዎች አልፎ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል፣ መብራት ይጠፋል ብለው በማይሠጉበት ሰዓት ይጀምሩት። 6ኛውና 7ኛው ምርጫዎች ሁሉን ነገር የሚያጠፉ ናቸው፤ በተለይ 7ኛው ሲስተሙን ራሱን ስለሚያነሳው ማሽኑ በፍላሽ አዲስ ሲስተም እስኪጫንለት ድረስ አይሠራም። ጆይስቲኩን ለልጅ አቀብለው «አንተው ምረጥ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ለዘለቄታው የሚረዳው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ስታቢላይዘር የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን አያቆየውም፤ ትንሽ ዩፒኤስ ግን ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል።

በሌሎች ማሽኖች

ፕሌይስቴሽን 5 በዚህ ረገድ ይሻላል። ሴፍ ሞድ የሚገባው በዚያው በሁለት ድምፅ ነው፤ በ5ኛው ምርጫ ውስጥ ግን የሲስተሙን ካሽ ማጽዳትና ዳታቤዙን ማዋቀር ለየብቻ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ካሹን ያጽዱ፤ ለውጥ ካልመጣ ወደ ዳታቤዙ ይለፉ።

በኤክስቦክስ ዋንና ከእርሱ በኋላ በመጡት ላይ የማሽኑን የማብሪያ ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማጥፋት፣ ገመዱን ነቅሎ ጥቂት ማቆየትና መልሶ መሰካት ይበቃል። አሮጌው ኤክስቦክስ 360 ግን በስቶሬጅ ማስተካከያው ውስጥ የራሱ የካሽ ማጽጃ አለው፤ ይህ ምርጫ ለጨዋታዎቹ የወረዱትን አፕዴቶች አብሮ ስለሚያጠፋ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ያለ በቂ ምክንያት ባይነካ ይመረጣል። በኒንቴንዶ ስዊች ላይ ካሽ የሚያጸዳው ምርጫ የሚያጠፋው ከድረ ገጽ መክፈቻው ጋር የተያያዘውን መረጃ ብቻ ስለሆነ የጨዋታን መንቀራፈፍ አይፈታም።

ካሽ የማይፈታው

አንድ ጨዋታ ብቻ እየተዘጋ ሌሎቹ በደህና የሚሠሩ ከሆነ ጥፋቱ በዚያ ጨዋታ ፋይል ላይ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቁጥር «ሲኢ-34878-0» ነው። ለጨዋታው አፕዴት ካለ ይጫኑ፤ ካልሆነ ጨዋታውን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት። ሴቩ የሚቀመጠው ለብቻው ስለሆነ ጨዋታውን በማጥፋት አይጠፋም።

ማሽኑ ከተከፈተ ከቆይታ በኋላ እየጮኸ የሚዘገይ፣ ከዚያም ቀይ መብራት አሳይቶ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ነው። ማሽኑን መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ ከትቶ በላዩ ዳንቴል የሚያለብስ ቤት ጥቂት አይደለም። ዳንቴሉ አቧራ የሚከለክል ይመስላል፤ የሚከለክለው ግን አየሩን ነው። ማሽኑን ከቡፌው አውጥተው ከጀርባው ክፍት ቦታ ይተዉለት፤ የአየር መውጫው በአቧራ ተደፍኖ ከሆነም ማሽኑ ጠፍቶና ገመዱ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

ዳታቤዙ ከተዋቀረ በኋላ ለጥቂት ቀናት ተሻሽሎ መልሶ የሚብስ፣ ወይም ዲስኩ አካባቢ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ማሽን ዲስኩ እየሞተ ነው። በዚህ ጊዜ ሴፍ ሞድን መደጋገም የቀረውን ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ዲስኩ ጨርሶ ሳይቆም ሴቮቹን ከሲስተሙ የሴቭ ማስተዳደሪያ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ፕሌይስቴሽን 4 የሚቀበለው ላፕቶፕ ላይ የሚገጠመውን የ2.5 ኢንች ሳታ ዲስክ ስለሆነ ላፕቶፕ ከሚጠግኑ ሱቆች መግዛት ይቻላል፤ ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ መጠኑም ከ160 ጊጋባይት እንዳያንስ ያረጋግጡ፤ አቅም ከፈቀደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይምረጡ። አዲሱ ዲስክ ከገባ በኋላ ሲስተሙ የሚጫነው በኮምፒውተር ወደ ፍላሽ በወረደ ፋይል ነው። የሚወርደው ግን ለአፕዴት የሚያገለግለው ሳይሆን ሲስተሙን ከመነሻው ለመጫን የተዘጋጀው፣ መጠኑ ከፍ ያለው ፋይል መሆን አለበት፤ ሁለቱ ተመሳሳይ ስም ስላላቸው በማውረጃው ገጽ ላይ ያለውን ማብራሪያ አንብበው ይለዩአቸው። ባዶ ዲስክ ላይ 7ኛው ምርጫ የሚያጠፋው ነገር ስለሌለ ያለ ስጋት ይጫኑት።