ያገለገለ አኳሪየም ላይ የሚጋገር ነጭ ኖራ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ አኳሪየም (የዓሳ ማኖሪያ መስታወት) ተሸክሞ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ አቤቱታው አንድ ነው፤ «አጠብኩት፣ አይለቅም»። ሲረጥብ ንጹሕ፣ ሲደርቅ ነጭ። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ነው ገዢ ሲመጣ በእርጥብ ጨርቅ ወልወል አድርጎ የሚያሳየው። ደርቆ ሳታዩት ብር አትቁጠሩ።

ኖራ ነው ወይስ መስታወቱ ተጎድቷል?
በደረቁ ጥፍራችሁን አሂዱበት፤ ከዚያ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል አድርጉ። የሚሻክርና ጥቃቅን አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ኖራ ነው፣ ይለቃል። ጥፍር የሚያንሸራትት ከሆነና አቼቶውም ዝም ካለ፣ መስታወቱ ራሱ ተፍቋል። እሱን አቼቶ አይመልሰውም፤ ጭረቱ ስስ ከሆነ ግን ውሃ ሲሞላ ይደበቃል።

ከላይ ዙሪያውን እንደ መቀነት የታሰረ ነጭ ቅርፊት
ከ10 አኳሪየም 9ኙ የሚመጣልኝ በዚህ ነው። ውሃው ይተናል፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ግን አይተንም። ባለቤቱ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ይሞላል፤ በሞላ ቁጥር ሌላ ኖራ ይጨምራል። የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት፣ ያው ነው።

አቼቶ ይፈታዋል። ስህተቱ አቀባቡ ላይ ነው። ሰው በቆመ መስታወት ላይ ረጭቶ በ5 ደቂቃ ይጠርገዋል፤ አቼቶው ወርዶ አልቋል፣ ኖራው እዚያው ነው። ከዚያ ተናዶ የድስት ሽቦ ያነሳል። እባካችሁ፣ ሽቦ አታንሱ!

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ዓሳውም አሸዋውም ወጥቶ፣ አኳሪየሙን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በጎኑ አስተኛዋለሁ፤ የሚጸዳው መስታወት ከታች ይሆናል። ኖራው ላይ ሶፍት አነጥፍና አቼቶ አጠጣዋለሁ፤ እንዳይደርቅ በተቀደደ ፌስታል እሸፍነዋለሁ። ስስ ከሆነ 4 ሰዓት፣ ወፍራም ከሆነ ሌሊቱን ይደር። ከዚያ በአዲስ ምላጭ፣ መስታወቱን አርጥቤ፣ ምላጩን ጋደም አድርጌ እገፋለሁ። የዛገ ምላጭ ይጭራል። ከምላጩ ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣትም ትጭራለች። ማዕዘኑ ላይ መስታወቶቹን አጣብቆ ወደያዘው ሲሊኮን ምላጭ አይጠጋም፤ እዚያ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። አንዱ ደንበኛዬ ማዕዘኑን አሳምሬ ላጽዳ ብሎ ሲሊኮኑን ሸርክቶት ሳሎኑን አጥለቅልቋል።

አቼቶው ደካማ መስሎ ከታያችሁ የእንቁላል ቅርፊት ንከሩበት። እሱም ካልሲየም ካርቦኔት ነውና አረፋ ማውጣት አለበት። ካላወጣ የገዛችሁት ቀለም የተነከረ ውሃ ነው።

እኛ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ በብርድ አሲዱ ሥራው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ቀትር ላይ ፀሐይ ያግኘው፣ ወይም አቼቶውን ለብ አድርጉት። ለብ ነው ያልኩት! በታኅሣሥ ጠዋት የፈላ ውሃ የገለበጠበትን ሰው አውቃለሁ፤ መስታወቱ ቷ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

የሽንት ቤት አሲድ አታምጡ። ከበረኪና ጋር ማንኛውንም አሲድ፣ አቼቶንም ጭምር፣ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሳሙናም ይቅር። ፕላስቲክ አኳሪየም ከሆነ ምላጭ ጨርሶ አይነካውም።

ሂተሩ ላይ የተጋገረ ኖራ
ሶኬቱን ነቅላችሁ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ የመስታወቱን ክፍል ብቻ አቼቶ ውስጥ ንከሩ።

ፊልተሩ ይንጫጫል
የሚሽከረከረው ክፍል ላይ ኖራ አለ፤ ፈታችሁ ንከሩት።

ካጸዱ በኋላ ያንጠባጥባል
አንዳንዴ ቀዳዳውን ዘግቶት የቆየው ኖራው ራሱ ነው። ስለዚህ አጥባችሁ ካለቀለቃችሁ በኋላ ውሃ ሞልታችሁ፣ ማዕዘኖቹ ሥር ደረቅ ሶፍት አድርጋችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ የሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ አትሞክሩት። ሲሊኮን ከገዛችሁ ሻጋታ ይከላከላል የሚለውን ተዉት፤ መድኃኒቱ ዓሳ ይገድላል።

ከሸዋ ሮቢት አንድ ሆቴል የመጣው ስንዝር የሚያህል መቀነት ነበረበት፤ በዚያ ቆላ ውሃው በየቀኑ ይጎድላል። ባለቤቱ የፊቱን መስታወት አስቀድመው በሽቦ ፈግፍገውታል። 2 ቀን ፈጅቶ ሌላው ጸዳ፤ የተጫረውን ፊት ወደ ግድግዳ አዙረን የኋላውን ፊት አደረግነው። ሲረከቡ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን እንዲቀይሩ፣ መስመሩንም በጨርቅ እንዲጠርጉ ነግሬያቸዋለሁ። በቀደም ደወሉ። «ያ ነጭ ነገር ተመልሶ መጣ!»

«ውሃውን መቼ ነው የቀየሩት?»

«ኧረ እኔ አላጎድልበትም፣ በየቀኑ እሞላለሁ!»