ምርጥ እና ቀሽም የፊልም አጨራረስ፦ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ፊልም አጨራረስ መከራከር ደስ ይለኛል። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ መፍሰስ ሲጀምሩ አንዱ «አቦ፣ አበላሹት!» ይላል። ሌላው «እንዴ! ታዲያ እንዴት ሊያልቅ ፈለግህ?» ብሎ ይነሳበታል። ያንን ሰዓት ከፊልሙ እኩል እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ክርክሩ ቶሎ መክኖ ሲቀር ነው። «ወደድኩት»፣ «ጠላሁት»፣ በቃ። ሁለቱም ስሜታቸውን ተናገሩ፤ በሰው ስሜት ላይ ደግሞ መከራከር አይቻልም።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ፊልም ሲጀምር አንድ ጥያቄ ይከፍታል። አጨራረሱ መመዘን ያለበት በዚያ ጥያቄ ነው። ይመልሰው፣ ሳይመልስ ይተወው፣ ወይም ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ እንደነበር ያሳየን። ብቻ ረስቶት መሄድ የለበትም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ያንን ጥያቄ ከመዘንጋት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የብዙ ፊልሞችን መጨረሻ እዘረግፋለሁ። ያላያችሁትን ፊልም ስታገኙ ዝለሉት። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«አሳዘነኝ» እና «ቀሽም ነው»ን አንድ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አክተሩ ከሞተ፣ ፍቅረኛሞቹ ከተለያዩ፣ ክፉው ሰውዬ ካመለጠ «መጨረሻው አያምርም» እንላለን። እንዲያ እንዲሆን አለመፈለጋችን ሌላ ነገር ነው፤ ፊልሙ መበላሸቱ ሌላ ነገር ነው።

«ቻይናታውን»ን (1974) እንውሰድ። የግል መርማሪው ጄክ ጊቲስ ኤቭሊን የምትባለውን ሴት ከአባቷ ሊያስጥላት ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ኤቭሊን ትገደላለች። አባቷ የኤቭሊንን ልጅ ይዞ ይሄዳል። ማንም አይጠየቅም። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ሮበርት ታውን እንዲህ እንዲያልቅ አልፈለገም ነበር፤ ኤቭሊን እንድትተርፍ ነበር የጻፈው። ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ ግን «ትሞታለች» ብሎ ድርቅ አለ።

ማን ልክ ነበር? ፊልሙን ራሱን እንጠይቀው። ጄክ መሃል ላይ ስለ ድሮው የፖሊስነት ሥራው ሲጠየቅ አንድ ነገር ያወጣል። አንዲት ሴት እንዳትጎዳ ሊጠብቃት ሞክሮ፣ ጭራሽ እሱው ለጉዳቷ ምክንያት ሆኗል። ጥያቄው እዚያ ላይ ተከፈተ፤ ይሄ ሰው ያንኑ ይደግመዋል?

ትናንሾቹን ነገሮችም ተመልከቱ። ጄክ የኤቭሊንን ዓይን ቀረብ ብሎ ሲያይ በባለቀለሙ ክፍል ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ያገኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኤቭሊን መኪና ውስጥ ተስፋ ቆርጣ ግንባሯን መሪው ላይ ስትጥል ክላክሱ ድንገት ይጮሃል። አሁን ወደ መጨረሻው ትዕይንት እንሂድ። መኪናዋ እየራቀች ትሄዳለች። ተኩስ ይሰማል። ከዚያ የማያቋርጥ ክላክስ። ሮጠው ሲደርሱ ጥይቱ ያፈረሰው ዓይኗን ነው። ሁለቱም ነገር አስቀድሞ ተነግሮናል፤ ልብ ያላልነው እኛ ነን። ታውንም ከዓመታት በኋላ ፖላንስኪ ልክ እንደነበር አምኗል። ፊልሙ ለ11 ኦስካር ታጭቶ ያሸነፈው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የታውን ስክሪፕት ነው።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ አለ። አሳዛኝ ከሆነ ጥልቅ ነው፣ አስደሳች ከሆነ የልጆች ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። ሐዘን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በማስረጃ መምጣት አለበት። «ዘ ሚስት» (2007) መጨረሻው በጣም ይከብዳል። አባትየው ጭጋጉ ውስጥ ካሉት አውሬዎች ሊያድናቸው ብሎ መኪና ውስጥ ያሉትን አራት ሰዎች ይገድላል፤ አንዱ የገዛ ልጁ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ወታደሮች ይደርሳሉ። ብዙ ሰው «ለማስደንገጥ ብቻ የተደረገ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ፊልሙ ሲጀምር አንዲት እናት ቤት ልጆች እንዳሏት ተናግራ፣ ሱቁ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አብሮኝ የሚወጣ አለ ወይ ብላ ለምና ነበር። ማንም አልተነሳም፤ ብቻዋን ወጣች። መጨረሻ ላይ በወታደር መኪና ስታልፍ ልጆቿ አብረዋት አሉ። አባትየው ያያታል፤ እሷም ታየዋለች። ይሄ በዘፈቀደ የተለጠፈ ሐዘን አይደለም።

ትዊስት ካለው ምርጥ ነው ማለት

ትዊስት ማለት ታሪኩን ድንገት የሚገለብጥ ሚስጥር ነው፤ ግን አፍ የሚያስከፍት መጨረሻ ሁሉ ጥሩ አይደለም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሚስጥሩን አውቃችሁ ፊልሙን ድገሙት። ቀድሞ ያያችኋቸው ትዕይንቶች አዲስ ትርጉም ካገኙ ትዊስቱ ሥራውን ሠርቷል።

«ዘ ሲክስዝ ሴንስ» (1999) ላይ ዶክተሩ ማልኮም በጋብቻ በዓላቸው ቀን አርፍዶ ሬስቶራንት ይደርሳል። ሚስቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ቀና ብላ አታየውም። ሂሳቡ ሲመጣ እሱ እጁን ሳያደርስ እሷ ሳብ ታደርገዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስናየው የተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው። ሚስጥሩን ካወቅን በኋላ ግን ሟች ባሏን እያሰበች ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ናት። ትዕይንቱ ሁለቱንም ይሸከማል። ይህ ነው ጥበብ።

ከዚህ ጋር የ2001ዱን «ፕላኔት ኦቭ ዘ ኤፕስ» አስተያዩት። አክተሩ ወደ ምድር ተመልሶ ዋሽንግተን ይወድቃል። ሮጦ የሊንከን ሐውልት ጋ ሲደርስ የሐውልቱ ፊት የዝንጀሮው ጄኔራል ሆኖ ይጠብቀዋል። ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን ፊልሙ ለዚህ ያዘጋጀን ነገር የለም፤ ከዚያ በኋላም የሚያስረዳ የለም። የ1968ቱ የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ የነጻነት ሐውልት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲታይ ግን ወደ ኋላ ያስኬደናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ገና ሲጀምር ከሰው ልጅ የተሻለ ፍጡር ይኖር ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበርና።

የትኛውን ቅጂ እንዳያችሁ ሳታጣሩ መከራከር

ሁለት ሰዎች ስለ «ብሌድ ራነር» ሲከራከሩ አንዱ የ1982ቱን፣ ሌላው የ1992ቱን ወይም የ2007ቱን አይቶ ሊሆን ይችላል። በ1982ቱ ፍቅረኛሞቹ በመኪና አረንጓዴ አገር እያቋረጡ ይሄዳሉ። ያ የአየር ላይ ቀረጻ የተወሰደው ደግሞ «ዘ ሻይኒንግ» ሲቀረጽ ከተረፈ ፊልም ነው። በኋለኞቹ ቅጂዎች የሊፍቱ በር ይዘጋል፣ አለቀ። እነዚህ ሁለት ሰዎች እስኪነጋ ቢጨቃጨቁ አይግባቡም።

የህንዱን «ሾሌ» (1975) ያየ ሁሉ እጁን ያጣውን ታኩርን ያስታውሰዋል። በሲኒማ ቤት የታየው ላይ ታኩር ሽፍታውን ጋባርን በእግሩ ሊገድለው ሲል ፖሊስ ደርሶ ሕግ ይቅጣው ብሎ ያስቆመዋል። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው ግን ታኩር ሲገድለው ነበር። የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ ማስገባት የለበትም ብሎ ያስቀየረው ሳንሱር ነው። ስለዚህ «ዳይሬክተሩ መጨረሻ ላይ ፈራ» ብሎ የሚወቅስ ሰው የሚወቅሰው የተሳሳተውን ሰው ነው።

በጣም የሚቆጨኝ ግን «አይ አም ሌጀንድ» (2007) ነው። ለእኔ ቀሽም አጨራረስ ማለት ይሄ ነው፤ የተሻለው መጨረሻ ተቀርጾ ስለነበር ደግሞ ቁጭቱ ይብሳል። ሳይንቲስቱ ኔቪል በቫይረስ ወደ ጭራቅነት ከተለወጡት ሰዎች አንዲቷን ሴት ፍጡር ለምርምር ይዞ ሲሄድ፣ አንድ ወንድ ፍጡር ፀሐይ እያቃጠለችው ከጨለማው ወጥቶ ይጮሃል። ኔቪል ይህን ሰብዓዊነታቸው ጨርሶ እንደጠፋ ማስረጃ አድርጎ ይመዘግበዋል። ተመልካች ግን ይጠረጥራል፤ ይሄ ፍጡር የመጣው ለፍቅረኛው ቢሆንስ? በመጀመሪያው አጨራረስ እንዲያው ሆኖ ይገኛል። ኔቪል ይመልስላቸዋል፤ ለእነሱ ጭራቁ እሱ እንደነበር ይገባዋል። ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ስላልወደዱት ተቀየረ። ሲኒማ በቀረበው ላይ ኔቪል በቦምብ ራሱን ከፍጡራኑ ጋር ያጠፋል። ጀግና ሆነ። ያ የፀሐይ ትዕይንት ግን ያለ መልስ ቀረ።

ክፍት አጨራረስን እንደ እንቆቅልሽ መፍታት

«ኢንሴፕሽን» (2010) ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኮብ ህልም ላይ መሆን አለመሆኑን የሚለይባት የምትሽከረከር እንዝርት አለችው፤ ህልም ከሆነ አትወድቅም። ሰው ሁሉ የሚከራከረው መጨረሻ ላይ እንዝርቷ ወደቀች ወይስ አልወደቀችም በሚለው ነው። ፍሬም በፍሬም እያቆሙ የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ዓይናችሁን ወደ ኮብ መልሱ እላለሁ። ፊልሙን በሙሉ ልጆቹ በህልሙ ሲመጡ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው፤ ፊታቸውን አያይም። መጨረሻ ላይ እንዝርቷን አሽከርክሮ ትቷት ይሄዳል፤ ልጆቹ ዞሩ፣ ፊታቸውን አየ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላንም ዋናው ነገር ኮብ እንዝርቷን አለማየቱ ነው ብሏል።

ይህ ሲባል ግን ሳያልቅ የቆመ ፊልም ሁሉ «ክፍት ነው» ተብሎ መከበር የለበትም። አንዳንዱ በቃ አላለቀም። ልዩነቱን የምታውቁት ወደ መጀመሪያው በመመለስ ነው። «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» (2007) ላይ ሲከታተሉት የቆዩት ሰው ከካሜራ ውጭ ሲሞት ብዙዎች ይናደዳሉ። ከዚያ ሽማግሌው ሸሪፍ ስለ አባቱ ያየውን ህልም ለሚስቱ ይናገርና ፊልሙ ያልቃል። «ይሄ ምን ማለት ነው?» እንዲህ አስቡት፤ ፊልሙ የተከፈተውም በዚሁ ሸሪፍ ድምፅ ነበር። ስለ ድሮ ሸሪፎችና ሊገባው ስላልቻለው ክፋት ሲያወራ ነበር የጀመረው። ታሪኩ ከመነሻው የእሱ ነው።

በሳንቃው ላይ መጨቃጨቅ

«ታይታኒክ» (1997)፦ መርከቡ ሲሰምጥ ሮዝ ተንሳፋፊ ሳንቃ ላይ ሆና ትተርፋለች፣ ፍቅረኛዋ ጃክ ውሃው ውስጥ ይሞታል፤ ጃክ ሳንቃው ላይ ቦታ ነበረው ወይ? ጄምስ ካሜሮን ነገሩ ሰልችቶት በ2023 በወጣ ዶክመንተሪ በቀዝቃዛ ውሃ አስሞክሮታል። ግን ፊልሙ ላይ ጃክ ሊወጣ ሲሞክር ሳንቃው ይገለበጣል፤ ጉዳዩ ክብደት ነው። ደግሞም ፊልሙ የከፈተው ጥያቄ የሮዝ ነው፤ ከመርከብ ልትዘል የነበረችው ልጅ የራሷን ሕይወት ትኖራለች? መልሱ አልጋዋ አጠገብ ያሉት ፎቶዎች ላይ አለ። ፈረስ ስትጋልብ፣ አውሮፕላን አጠገብ ቆማ።

በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ሁለቱን ሰዓት መፍረድ

መጨረሻ ትዝታን ይጫናል። ሳይኮሎጂስቱ ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሰዎች አንድ ጊዜ እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ነከሩ። ሌላ ጊዜ ያንኑ 60 ሰከንድ ነክረው፣ 30 ሰከንድ ተጨመረ፤ በጭማሪው ጊዜ ውሃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሞቀ። የትኛውን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ሥቃዩ የበዛ ቢሆንም መጨረሻው ለዘብ ብሏል። ፊልም ላይም እንዲሁ እንሸወዳለን። መጨረሻው ስላስለቀሰን ብቻ አሰልቺውን መሃል ይቅር እንላለን። አጨራረሱ ስለከሸፈ ደግሞ ግሩሙን ፊልም እንጥላለን።

«ሳይኮ» (1960) ላይ የአእምሮ ሐኪሙ ተነስቶ ስለ ገዳዩ ኖርማን ሁሉንም ነገር በረጅሙ ሲያብራራ ፊልሙ ይቀዘቅዛል፤ ሐያሲዎች ሲተቹት ኖረዋል፣ እኔም እስማማለሁ። ግን ወዲያው ኖርማን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ የእናቱ ድምፅ በጭንቅላቱ ውስጥ ሲያወራ እናያለን። አንድ ፊልም መጨረሻው ላይ ቀሽምም ግሩምም ትዕይንት ሊኖረው ይችላል። የትኛውን እንደምትሉ ለዩ።

ከትዝታ መከራከር

ከመከራከራችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን አስር ደቂቃዎች ደግማችሁ እዩ። ትዝታ ያሳምራል፣ ያበላሻልም። «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» (1994) ላይ የሁለቱን የእስር ቤት ጓደኛሞች፣ የሬድና የአንዲን መተቃቀፍ ብዙ ሰው በቅርበት ያየው ይመስለዋል። ካሜራው ግን የሚያሳየን ከሩቅ ነው፤ እየራቀም ይሄዳል። የሚናገሩትን አንሰማም።

ዳይሬክተሩ ፍራንክ ዳራቦንት መጀመሪያ ሊጨርስ ያሰበው አውቶቡሱ ላይ ነበር፤ ሬድ ወደ ድንበሩ ሲሄድ፣ ይድረስ አይድረስ ሳናውቅ። የባሕሩ ዳርቻ ትዕይንት የተጨመረው ስቱዲዮው ስለጠየቀ ነው። እኔ እዚህ ላይ ከስቱዲዮው ጋር ነኝ። አንዲ እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን በዚያ ባሕር አጠገብ አሮጌ ጀልባ ገዝቶ ሊያድስ እንደሚፈልግ ለሬድ ነግሮት ነበር። ሬድ ሲደርስ አንዲ አሮጌ ጀልባ እየፋቀ ነው። ሌላው ተከራካሪ ግን እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ የፊልሙ ጥያቄ ዕድሜውን እስር ቤት የጨረሰ ሰው ውጭ መኖር ይችላል ወይ የሚለው ነው፣ ከእነሱ በፊት የተፈታው ሽማግሌ እስረኛ ብሩክስ አልቻለም፣ ሬድ ደግሞ አውቶቡሱ ላይ በወጣ ሰዓት መልሱን ሰጥቷል። ይሄ ጠንካራ ነጥብ ነው። መልስ ለመስጠት ፊልሙን ከመጀመሪያው መክፈት ይኖርብኛል።